ከጣና እስከ ጉባ፦ ተፎካካሪ ግቦችን የሚመዝን ማን ነው?

ከጣና ሐይቅ የሚወጣ አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የጥንቱ ነው፤ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ፣ የሐይቁን ፍሰት የሚቆጣጠሩትን የጨረጨራ በሮች አልፎ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። ሁለተኛው በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ነው፤ ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ዋሻ ይገባና 12 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ተጉዞ፣ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የጣና በለስን ተርባይኖች ያሽከረክራል። ያው ውኃ በፏፏቴው በኩል ሄዶ 45 ሜትር ገደማ ቢወርድ የሚሰጠው ኃይል፣ በበለስ ከሚሰጠው ሰባተኛውን እጅ ቢያህል ነው።

ይህን ለአንድ የስሌት ፕሮግራም ሰጥታችሁ «በዓመት የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ የቻልከውን ያህል አብዛልኝ» ብትሉት መልሱ ያለቀለት ነው፤ ዋሻው እስከቻለ ድረስ ውኃው ሁሉ ወደ በለስ ይሂድ፣ ለፏፏቴው ጠብታ አይቅር። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን መልሷል። ሳይጠየቅ የቀረው ግን ብዙ ነው። ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ በዚያ እንግዳ የሚተዳደር የመንደር ሰው አለ። በሐይቁ ላይ የሚመላለስ ጀልባና ታንኳ፣ አምባዛና ቆሮሶ የሚያጠምድ አሣ አስጋሪ፣ ውኃው ሲሸሽ ብቅ የሚለውን የባሕር ሸሽ መሬት የሚያርስ ገበሬ፣ ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች ላይ መስኖ የሚጠብቅ አርሶ አደር አለ። በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወጥቶ የሚራባው ነጭ አሣም የራሱ የውኃ ቀጠሮ አለው። እነዚህ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ ካልተጻፉ፣ ለስሌቱ የሉም።

የዚህ ፉክክር ዋጋ በለስ ከመከፈቱ በፊትም በገሃድ ታይቶ ነበር። የጨረጨራ በሮች በ1988 ዓ.ም. ሁለት ሆነው ጀመሩ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አምስት ተጨመሩባቸው። ብዙም ሳይቆይ በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኃይል የሚለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁን ከዚያ በፊት ተለክቶ ወደማያውቅ ዝቅታ አወረዱት። መርከቦች ቆሙ። በዚያው ወራት የዳርቻው ገበሬ በተጋለጠው መሬት ላይ ዘራ። ለአንዱ ኪሳራ የሆነው ለሌላው ማሳ ሆነ ማለት ነው። የሐይቁ «ትክክለኛ» ከፍታ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ አንድ ቁጥር አያገኝም፤ የሚያገኘው የብዙ ሰዎችን የተለያየ መልስ ነው።

በኋላ የውኃ ተመራማሪዎች ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ ተፈጥሯዊ ሕይወቱን ቢያንስ በመሠረቱ እንዲጠብቅ ስንት ውኃ ይበቃዋል ብለው አሰሉ። ከዓመታዊው አማካይ ፍሰት 22 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 862 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ይህ ቁጥር በስሌቱ ውስጥ ሲገባ «ገደብ» ይባላል፤ ፕሮግራሙ የፈለገውን ያህል ኤሌክትሪክ ሊፈልግ ይችላል፣ ከዚህ በታች መውረድ ግን አይፈቀድለትም። ነገሩ ቴክኒክ ይመስላል። ነገር ግን 22 በመቶ ብሎ መጻፍና 10 በመቶ ብሎ መጻፍ የሁለት የተለያዩ መንደሮችን ዕድል መወሰን ነው፤ የጢስ ዓባይን መንደርና ኤሌክትሪክ የሚጠብቀውን ሩቅ መንደር።

የምህንድስና ዕቅድ ብዙ ግቦችን አንድ ላይ ሲይዝ የሚከተለው የሒሳብ መንገድ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል፤ ከዘዴዎቹ ሁሉ ጀርባ ያለው ዋና ሐሳብ ግን የተወለደው ከውኃ ሥራ አይደለም። ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በቱሪን የተማረ መሐንዲስ ነበር፤ ወደ ምጣኔ ሀብት ከመዞሩ በፊት በጣሊያን ባቡር ሥራ ላይ ቆይቷል። እርሱ የተወልን ፈተና ቀላል ነው። ሁለት ግቦች ካሉህ፣ አንዱን ሳትጎዳ ሌላውን ማሻሻል የምትችልበት ዕቅድ ገና አባካኝ ነው፤ ጣለው። እንደዚያ እየጣልክ ስትሄድ መጨረሻ ላይ የሚቀሩህ ዕቅዶች አንዱን ለመጨመር ከሌላው መቀነስ ግድ የሚሆንባቸው ብቻ ናቸው። እነርሱን በወረቀት ላይ ብታገናኛቸው የፓሬቶ መስመር ይባላል። ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ብክነት ነው፤ በመስመሩ ላይ ካሉት ነጥቦች የትኛው ይሻላል ለሚለው ግን ሒሳቡ አፍ የለውም።

ይህን ዝምታ በቅጡ የተረዱት እ.ኤ.አ. በ1955 አካባቢ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ። መሐንዲሶች፣ የምጣኔ ሀብት ምሁራንና የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት አንድ ላይ ተቀምጠው የወንዝ ተፋሰስን በኮምፒውተር የመንደፍ ዘዴ ቀመሩ፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፍ ወጣ። ከመካከላቸው አርተር ማስ የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ያነሳው ክርክር ዛሬም ድረስ ጉልበቱን አላጣም። አንድ ግድብ የሚያስገኘውን ሁሉ ወደ ገንዘብ ለውጦ ደምሮ «ትርፉ ከወጪው ይበልጣል» ማለት ራሱ የፖለቲካ ምርጫ ነው፤ የሀገር ገቢን ማሳደግ ከክፍፍል ይበልጣል ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ የአማራጮቹን ዋጋ ያሳይ፣ ምርጫውን ግን የመምረጥ ሥልጣን ያለው አካል በግልጽ ያድርገው፤ የማስ አቋም ባጭሩ ይህ ነበር።

ወደ ዓባይ እንመለስ። በ1950ዎቹ (እንደ እኛ አቆጣጠር) የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ተፋሰሱን አጥንተው በዋናው ወንዝ ላይ አራት ግድቦች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረቡ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ እና በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ «ድንበር» ያሉትን። የድንበሩ ግድብ በጥናቱ የታሰበው 1,400 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭና 11 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ እንዲይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎቹ ጆርጆ ጓሪዞና ዴል ዊቲንግተን እነዚህን አራት ግድቦች ወስደው በአንድ የኦፕቲማይዜሽን ሞዴል ውስጥ ሁለት ግቦችን አፋጠጡ። አንዱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ፣ ሌላው ለሱዳንና ለግብጽ እርሻ የሚደርሰው ውኃ። ብዙ ሰው የጠበቀው መስመሩ ሰያፍ ቁልቁለት እንዲሆን፣ ኢትዮጵያ ባገኘች ቁጥር የታችኞቹ እንዲያጡ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ በሁለቱ ግቦች መካከል ያለው ግጭት ትንሽ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱን ማንም ሊከተለው ይችላል። ተርባይን ውኃን አይጠጣም፣ ያሳልፋል። አራት አምስተኛ ገደማው የዓባይ ውኃ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ግድብ ያንን ለበጋ ሲያከፋፍል ሱዳን በደረቁ ወራት መስኖዋን ታጠጣለች። በበረሃው መካከል የተንጣለለው የአስዋን ሐይቅ በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብና ከዚያም በላይ ለፀሐይ ይገብራል፤ ጉባ ላይ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ የያዘው ንጋት ሐይቅ ግን ወደ 1.7 ቢሊዮን እንደሚተን ይገመታል። ከኦፕቲማይዜሽን የሚገኘው ትልቁ አገልግሎት ለእኔ ይህ ነው። ሰዎች የሚጣሉበትን ነገር ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ ጋ እውነተኛው ግጭት፣ ሌላው ጋ በፍርሃትና በልማድ የተፈጠረው። ለአርባ ዓመት ገደማ የዘለቀው ክርክር ከዚያ ወረቀት ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ስንት ጉባኤ በዳነ ነበር።

እውነተኛው ግጭት የለም ማለት አይደለም፤ ጠባብ ነው፣ ግን ስለታም ነው። የመጀመሪያው ሙሌቱ ነበር፤ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ክረምቶች ተከናውኖ አልፏል። ቀሪው ተደራራቢ ድርቅ ነው። ዝናብ ሦስት አራት ዓመት ሲከዳ ግድቡ የያዘውን ይልቀቅ ወይስ ለነገ ይቆጥብ፣ ድርቁ ሲያልፍስ ባዶውን ሐይቅ በስንት ዓመት ይሙላ? ሌላው የየዕለቱ ቅንጅት ነው። ከድንበሩ ወዲያ ያለው የሮዛሪስ ግድብ የሚይዘው የንጋት ሐይቅን አሥረኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ጉባ ላይ የሚከፈት በር ለሮዛሪስ ኦፕሬተር አስቀድሞ ካልተነገረ፣ የኛ ተራ የሥራ ቀን የእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫ ስለ ግድቡ የመጀመሪያ ሙሌትና ዓመታዊ አሠራር መመሪያ እንዲስማሙ ሦስቱን ሀገሮች የሚጠይቅ ነበር። ስምምነት ላይ ሳይደረስ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

እስካሁን የተናገርነው በሀገሮች መካከል ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በሀገር ውስጥ ያለው ማመጣጠን ነው፤ ስለእርሱ የሚወራው በጣም ትንሽ ነውና። የማሽኖቹን መጠን ውሰዱ። ዓባይ በጉባ በኩል በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ያሳልፋል፤ በሰከንድ 1,550 ሜትር ኪዩብ ያህል ማለት ነው። ሐይቁ ሞልቶ ውኃው 130 ሜትር ገደማ ቢወርድና ከጉልበቱ 90 በመቶው ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ማቋረጥ የሚገኘው ወደ 1,780 ሜጋ ዋት ነው። የተተከለው ግን 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ አሥራ ሦስት ማሽኖች። ይህ ቁጥር ከ5,250 ተነስቶ 6,000፣ ከዚያ 6,450 ከደረሰ በኋላ የወረደ ነው። የዓመቱ ምርት ግን ማሽን ስለተጨመረ አይጨምርም፤ ውኃው ያው ነውና በ15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት አካባቢ ይቆያል።

ታዲያ ከአማካዩ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ማሽን ለምን? ጥፋት ነው የሚሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ገና ከጅምሩ ነበሩ፤ ክርክራቸው ክብር የሚገባው ነው። መልሱ ግን የሚወሰነው በግቡ ነው። ግቡ ርካሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግማሹ ማሽን ይበቃ ነበር። ግቡ የምሽቱን የፍጆታ ጫፍ መሸከም፣ ነፋስ ሲያርፍ የአዳማንና የአሸጎዳን ተርባይኖች መተካት፣ ለኬንያና ለሱዳን ውድ በሆነው ሰዓት መሸጥ ከሆነ፣ ተጨማሪው ማሽን ዋጋ አለው። ያም ሲሆን ሌላ ግብ ይጎዳል፤ በምሽት ሁሉንም ማሽን አስነስቶ በሌሊት ማጥፋት ወንዙን በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከታች ያለውም ይሰማዋል። በእኔ ግምት ከ6,450 ወደ 5,150 መውረዱ ትክክል ነበር፤ መጨረሻ ላይ የሚጨመሩት ማሽኖች የሚሠሩት በዓመት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበርና። እያንዳንዱ ለውጥ ከነስሌቱ፣ «ይህን ያህል ወጪ ለዚህ ያህል የጫፍ ኃይል» ተብሎ ለሕዝብ ሲቀርብ ግን አላየሁም። በቦንድ ግዢ ከደሞዙ የከፈለ ሕዝብ ይህን ለማንበብ አቅም አያንሰውም።

ግብ ሆኖ መጻፍ የሚገባው ነገር በግርጌ ሲጻፍ ምን እንደሚደርስበት ኦሞ አሳይቶናል። ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው። ከእርሱ በታች በኦሞ ዳርቻ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲና ሌሎችም ጎርፉ ሲመለስ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ላይ ለዚህ መልስ ተሰጥቶት ነበር፤ በየዓመቱ ለአሥር ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተባለ። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. መሞላት ከጀመረ በኋላ ግን የለመዱት ጎርፍ ቀረባቸው። የኃይል ምርት በስሌቱ ውስጥ ግብ ነበር፤ በየቀኑ ይለካል፣ በየወሩ ሪፖርት ይደረጋል፣ ሲጎድል ኃላፊ ይጠየቃል። ጎርፉ የማስተካከያ እርምጃ ነበር፤ ሲጎድል የሚጮህ መለኪያ አልነበረውም። የእነዚያ ሰዎች ማሽላ በቶንና በሄክታር ከሜጋ ዋቱ ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢሰፍር ኖሮ፣ ቢያንስ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት በስንት ኩንታል እንደተለወጠ እናውቅ ነበር። አለማወቃችን ያበሳጨኛል።

አንዳንድ ባልደረቦች መፍትሔው ለሁሉም ግብ ክብደት መስጠት ነው ይላሉ፤ ለኃይል 0.6፣ ለመስኖ 0.3፣ ለአሣ 0.1 እየተባለ ይደመራል፣ ፕሮግራሙም አንድ መልስ ይተፋል። ይህን መንገድ አልወደውም። ክብደቶቹን የሚመርጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት መሐንዲስ ነው፤ መልሱ ሲወጣ ግን «ሞዴሉ ያለው» ተብሎ ይቀርባል፣ ከሞዴል ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል? ከዚህ የሚሻለው መስመሩን እንዳለ አውጥቶ ማሳየት ነው። ዛሬ በዝግመተ ለውጥ ሐሳብ የተሠሩ የፍለጋ ዘዴዎች በሺህ የሚቆጠሩ አማራጮችን በአንድ ጊዜ ፈትሸው መስመሩን በሙሉ ያወጣሉ፤ በዓባይ ላይም ሱዳናዊው ተመራማሪ መሐመድ ባሽርና ጓደኞቹ ተጠቅመውባቸዋል። ሰዎች አማራጮቹን ጎን ለጎን ሲያዩ ክብደት የሚባለውን ነገር ራሳቸው ያገኙታል።

መስመሩን ማየት የሚጠቅምበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ጫፉ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው። ከመጨረሻው ጥግ ትንሽ ዝቅ ማለት ከአንዱ ግብ ጥቂት ወስዶ ለሌላው ብዙ ይሰጣል። በንጋት ሐይቅ ላይ በእጅ ላስላው። ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ወለል 640 ሜትር ላይ ነው፤ ስፋቱ 1,870 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ከታሰበው ከፍታ አምስት ሜትር ዝቅ ብሎ ቢጠብቅ፣ ለጎርፍ የሚሆን ከ8 እስከ 9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ባዶ ቦታ ይገኛል። የዓባይ አማካይ የነሐሴ ውኃ ወደ 15 ቢሊዮን ስለሆነ፣ ይህ ከነሐሴው ግማሽ በላይ ነው። የሚከፈለው ዋጋ የውኃው ቁልቁለት ከ130 ወደ 125 ሜትር መውረዱ ነው፤ አራት በመቶ ገደማ። ዝቅታው ዓመቱን ሙሉ ቢዘልቅ እንኳ ወደ 600 ጊጋ ዋት ሰዓት፣ ለጥቂት ወራት ከሆነ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በሌላው ወገን፣ ቀጣዩ ክረምት ቢከዳ ያ 9 ቢሊዮን ለድርቁ አይገኝም። ስለዚህ አምስት ሜትር ትክክል ነው አልልም፤ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ በደረቅ ትንበያ ዓመት ዜሮ ሊሆን ይችላል። የምለው፣ ይህ በሕዝብ ፊት ሊቀርብ የሚችልና የሚገባው ጥያቄ ነው።

ግድቡ በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ተነሳ፣ ግብጽ ኢትዮጵያን ወቀሰች፣ ኢትዮጵያም ግድቡ ጎርፉን ቀነሰ እንጂ አላባባሰም ስትል መለሰች። በክርክሩ ውስጥ ሁሉም ወገን የሚጠቅሰው አንድ የታተመ የአሠራር ደንብ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው «ደንቡ ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም» የሚል ይሆን ነበር፤ እርሱ ደግሞ በቁጥር ይመለሳል። ደንብን ማተም ሉዓላዊነትን ማስረከብ ነው የሚለውን ስጋት ብረዳውም አልስማማበትም። ደንቡን የምትጽፈው ኢትዮጵያ ናት፤ ስትለውጠውም ምክንያቱን ይዛ ትለውጠዋለች።

ለመጀመር ግማሽ ገጽ ይበቃል። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሐይቁ በሰኔ 30 ሊቆም የታሰበበት ከፍታ፣ በዚያ ምክንያት የሚቀረው ኤሌክትሪክ በጊጋ ዋት ሰዓት፣ የሚገኘው የጎርፍ ቦታ በቢሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ እና ክረምቱ ቢከዳ የሚጎድለው የመጠባበቂያ ውኃ። ለጣናም እንዲሁ፤ የሐይቁ ከፍታ በየወሩ፣ ወደ በለስ የሚገባው፣ በጢስ ዓባይ የሚያልፈው። የጣናው ሰነድ ሲዘጋጅ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት፤ ግቦቹ በሚጻፉበት ቀን፣ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አሣ አስጋሪውና የባሕር ሸሽ ገበሬው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ካራዶቢና መንዳያ ገና አልተሠሩም፤ ሲሠሩ ከላይ ውኃ ስለሚይዙ የንጋት ሐይቅ ከፍ ብሎ የመቆየት ነጻነቱ ይጨምራል፣ የአምስት ሜትሩ ስሌትም ይለወጣል። የእነርሱ የግብ ዝርዝር ገና ባዶ ወረቀት ነው።